ጆሮ ለባለቤቱ

ሊትሪም መሬቱ ስፖንጅ ነው፣ ዝናብ ጠጥቶ አይጠግብም፤
ከሣርና ከቄጠማ ሌላ ቢዘሩበት አይበቅልም።
አሥራ አንድ ላሞች አሉኝ፣ ሀብታም የሚያሰኙ አይደሉም፤
በስም ግን አይታሙም።
በገዳሙ ትምህርት ቤት በማስመሪያ ጣቴን
በቀጡኝ መነኮሳት ስም ሰየምኳቸው ሁሉን፦
አሰምፕታ፣ ኮሎምባ፣ ቤኒግነስ፣ ዲምፕና…
ማታ ጋጣ ስጠርግ፣ «እህት ቤኒግነስ፣ እግርሽን አንሺና!»
ብዬ ብቻዬን እስቃለሁ። ስድሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ
ቂሜ አልወጣልኝም ለካ።

የካቲት ላይ፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ አድሮ፣
ዲምፕና ወለደች፣ ቀይ ጥጃ፣ ግንባረ ቦቃ፣ ሰፊ ጆሮ።
ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፤ ጡት ያዘ ሳልረዳው፤
ጅራቱን እንደ ደወል ገመድ ሲወዘውዝ ወደድሁት በዚያው።

ደንቡ ደንብ ነው፦ ለተወለደ ሁሉ የጆሮ ቁጥር፤
መቆንጠጫው ሲበሳ ምስር የምታህል ሥጋ እንዲያስቀር።
በብልቃጥ አሽጌ፣ ከመብራት ሂሳቡ ጋር አብሬ፣
ፖስታ ቤት ጥዬው መጣሁ፣ ሌላ ሌላውን አስቤ።

ማክሰኞ ድንች ስልጥ ስልኬ ጮኸ፤
አጭር መልእክት ነው። መነጽሬን ፈልጌ አነበብሁት፦
«ፖዘቲቭ።»

ሐኪሟ ሶርካ መጣች፣ ቦቲዋን በመድኃኒት አጥባ፤
ደም ቀዳች። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ያው ነው። ነገረችኝ ተክዛ፦
«ይሄ ይዞት የሚለቀው ጉንፋን አይደለም፤ በማህፀን ሳለ ገና፣
ቫይረሱ በእናቱ ደም መጣ፣ ከእትብቱ ጋር ሆነና፤
ገላው ሲሠራ ‹ይህም እኔው ነኝ› ብሎ ቆጠረው፣
ከሳንባው ከጉበቱ ጋር በአንድ መዝገብ አሠፈረው።
አሁን አያስለውም፣ አያተኩሰውም፣ አይዋጋውም፤
ባዳውን ‹ባዳ ነህ› የሚለው አንድም ዘበኛ የለውም።
በትንፋሹ፣ በምራቁ፣ እስኪሞት ድረስ ይዘራዋል።
ሰባት እርጉዝ ላሞች አሉሽ፤ ከአንድ ገንዳ ቢጠጡ…»
አልጨረሰችውም። ጥጃው ጣቴን ይጠባ ነበር፣
ምላሱ ሞቃት፣ እንደ ሞረድ ሻካራ።

የፊንባር ነው! አልሁ። ከድንጋዩ አጥር ማዶ ያ ጥቁር ወይፈኑ፣
ከዲምፕና ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሲተሻሹ ሐምሌ በቀኑ
በዓይኔ አይቻለሁ! ሊሸጠው ነው ያቆየው፣ ያውቃል!
መንደሩም ሁሉ ሰምቷል፤
እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል።
ካፖርቴን ለበስሁ፣ ደጁ ላይ ሄጄ ልጮህበት፤
የመኪና ቁልፍ ስፈልግ፣ ከሰዓቱ ጀርባ እጄን ብሰድበት፣
ፖስታ ነካሁ። አልተከፈተም። የሐምሌ ማኅተም አለበት።
«በአጎራባችዎ መንጋ በሽታው ስለተገኘ
ከብቶችዎን ከአጥሩ ያርቁ» ይላል።
ዕዳ መስሎኝ ነበር የሸሸግሁት፤ ያን ሰሞን ብዙ ዕዳ ነበረብኝ።
ካፖርቴን እንደለበስሁ ተቀመጥሁ።
የመጣው ባዳ ለካ ከመጣ ስምንት ወሩ፣
ከሰዓቴ ጀርባ ነበር ወሬው መቀበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ጭነቱ መጣ። ጥጃው ማንም ሳይገፋው ወጣ፣
ጣት የሚሰጡት መስሎት።
ዲምፕና ሦስት ሌሊት ጮኸች፤ በአራተኛው ሣር ነጨች።
እኔ ግን ያን ስም ከዚያ ወዲህ እየሳቅሁ አልጠራሁትም።
ሰባቱ ገና አልወለዱም። ሰባት ጆሮ እጠብቃለሁ።

ፊንባር ካስማ ተሸክሞ መጣ። ስለ ደብዳቤው አልነገርሁትም፣
ስለ ወይፈኑም አላነሣብኝ፤ መዶሻውን ተቀባበልን።
ከድንጋዩ አጥር ወዲያና ወዲህ፣ ሦስት ሦስት ሜትር ርቀን፣
የኤሌክትሪክ ሽቦ ዘረጋን።
አሁን በመሀላችን የማንም ያልሆነ ሣር አድጓል፣
ላም የማይደርስበት፣ ቢጫ አበባ የበዛበት።
በማለዳ ባርኔጣውን አንሥቶ አንድ ነገር ይለኛል፤
ነፋሱ ይወስደዋል።
እጄን ከጆሮዬ ጀርባ አድርጌ
«ምን አልክ?» እላለሁ።