ቦዩን ስንደፍን

ስሙ አይሻገር ነው፣ ከጫጫ ወዲያ ማዶ፤
ድሮ የገባ በሬ፣ እስከ ሆዱ ወርዶ፣
በገመድ፣ በጩኸት፣ ባሥር ሰው ነው የሚወጣው።
ስም አውጪው ማን ይሁን፣ ቃሉን ከየት አመጣው፣
አላውቅም።
እኔ የማውቀው፣ ስሙን ውሸት ያደረገውን ሰው ነው።

እኔ ነኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አካፋው አዲስ።
አባቴ ከፊቴ ገመድ እየሳበ
«እዚህ ጋ ቅደደው» አለኝ፤ ቀደድኩት።
ጥቁር አፈር፣ እንደ ቅቤ የሚቆረጥ፤
ከሥሩ ውሃ ተነሣ፣
ቁርጭምጭሚቴን ዳበሰኝና ሄደ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤
ውሃ ሲወሰድም ያስቃል እኮ!
ቦዩ እየጋለበ ወደ ወንዙ ሲወርድ
ሦስት ቀን ሙሉ ሳቅን።

ከዚያ ባሕር ዛፍ።
አልዋሽም፣ አበላን።
አጣናው ሸኖን አልፎ ለከተማ ፎቅ መወጣጫ ሆነ፤
በምትኩ ቆርቆሮ መጣ፣ የልጆች ደብተር መጣ፣
የሚስቴ የዓይን ሕክምና መጣ።
ጣሪያ የሰጠውን ዛፍ፣ ጣሪያው ሥር ተኝቶ ማን ያማል?

ግን ዛፉ ሲጠጣ ዋንጫውን አያስቀምጥም።
መጀመሪያ ጓጉንቸሩ ዝም አለ፤ ልብ ያለ የለም።
ቀጥሎ ዝይዋ፣ ሰማይ ከክንፏ የሸጎጠችው፣
አንድ ማታ መጣች፣ ዞረች፣ ዞረች፣
በሩ እንደጠፋበት እንግዳ፤
ሳታርፍ ተመለሰች።
ከዚያ የነጌጤነሽ ምንጭ
በጥር ከጥጃ ለሃጭ ቀጠነ፣
በመጋቢት ድንጋይ ብቻ።
ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ውሃ ፍለጋ ሲወጡ
የሚያቋርጡት በዚያው ላይ ነበር፣
እግራቸው ሳይርስ።

አይሻገርን ተሻገሩት፣ አህያ ጭነው በደረቁ፤
ስምም እንደ ውሃ ይነጥፋል፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ።

ወርቅያንጥፉ የምትባል ባለሙያ መጣች፣
ችካል ተሸክማ፣ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልታ፤
ውሃ ልኳን ስትለካ ዋለች፣ ማታ ሰበሰበችን።
«ጨፌው አልሞተም፤ ፈሶ ነው። ቦዩን ድፈኑት።»
ደምሰው ተነሣ፦
«ረግረግ ሆድ አይሞላም። ይሄ ወሬ ወንዝ አያሻግርም።»
«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች፣
«እኔም መሻገሩ እንዲቀር ነው የመጣሁት።»

ሊበተን ሲል እጄ ወጣ።
ጀግንነት አይደለም፤
ቦዩ የእጄ ጽሕፈት ነው፣
ሌላ ሰው ሲሰርዘው ማየት ከበደኝ።

ጉቶ ነቀልን፤
አንዱ ጉቶ አንድ ቀን፣ አንድ ምሳር፣ አንድ ስድብ።
ድንጋይ፣ ጭቃ፣ አፈር የጠጣ ጆንያ
በቦዩ አፍ ጠቀጠቅን።
ቄጠማው ከየት ይምጣ?
ከገደሉ ሥር፣ ከጸበሉ ዳር፣
እጃችን ያልደረሰበት አንድ ክንድ ቀርቶ ነበር፤
ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን
እንደ በሽተኛ፣ ቀስ እያልን፣ ባህያ አመጣነው።

የመጀመሪያው ክረምት ሦስተኛውን ክትር ጥሶ ሄደ።
ደምሰው ሳቀ።
በማግስቱ ግን አካፋ ይዞ መጣ፤
ለምን እንደመጣ አልተናገረም፣
እኛም አልጠየቅነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ነው።
ጓጉንቸሩ ሌሊቱን ሲከራከር ያድራል።
አልቅቱም ተመልሷል፤ ደምሰው ከበሬው አፍንጫ ሲያወጣ
«ጨፌህ በሬዬን ጠጣው!» ይለኛል።
ምንጩ ገና ክር ነው።
ዝይዋ አልመጣችም፤
መጣች ብዬ ልጨርስ ፈልጌ ነበር፣
አልመጣችም።

ትናንት ግን፣ ሲመሽ፣ በለመድኩት አቋራጭ ስገባ
መሬቱ እግሬን ያዘ።
ጎተትኩ። ጉልበቴ ድረስ ዋጠኝ።
ስወጣ ባንድ እግሬ ባዶ ነበርኩ፣
ላስቲክ ጫማዬ እዚያው ቀርቶ።
የጌጤነሽ ልጆች ከዳር ሆነው
«አባባ፣ እሱ እኮ አይሻገርም!» ብለው ሳቁ።

አልመለስም፣ አልፈልገውም፣ ይቆይ።
ያለብኝን ዕዳ ያውቃል፤
መያዣ ነው የያዘው።