ሦስተኛ ማርሽ

ሦስት ዓመት ቆማ ከቆርቆሮው ሥር፣
ዶሮ እንቁላል ታቅፋ በአባዬ ወንበር፣
የአዳማ ንፋስ አቧራ ሲያለብሳት
ያላለኝ አልነበረም፦ «ለቆራሌው ሽጣት።»

ኮፈኗን ስከፍተው ምንም አልደበቀች፤
አራት ካንዴላ ናት፣ አንድ ቀበቶ ነች።
ቡሎኑን በናፍጣ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፣
ካርቡሬተሩን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩ።
ፍሪሲዮኗን ጅሎ በዱቤ ለወጠ፣
«ከተነሳች ክፈል» እያለ አላገጠ።

አርብ ማታ ቁልፉን ሳዞረው አሳለች፤
ደግማ አሳለች።
ተንቀጠቀጠች። ተነሳች።

እናቴ ወጣች፣ እጇን ሳታደርቅ፣
በሩን ወለል አድርጋ፣ እንደ ድሮው፣ ሳትጠየቅ፤
መሪ ጨብጣ የማታውቅ፣
በመስኮቱ ጎንበስ አለች፦
«ሦስተኛዋ ታኮርፋለች፤
ፍሪሲዮን ሁለቴ ርገጥላት። እሱ እንደዚያ ነበር።»

ወንጂ መታጠፊያው ላይ
ሁለቴ ረገጥኩ።
ገባች።