ቁጥሩን በኛው

ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰክቶ፣
አየኝ፤ ቀጥሎም አባቴን አይቶ፣
ወደ እንግሊዝኛ ዞረ በዝግታ፤
እኔም ተከተልኩት፣ ሳላመነታ ላፍታ።

እስከ ዛሬ ቋንቋው እንጀራዬ ነበረ፣
ኮምቦልቻ መጋዘን፣ ደረሰኝ ላይ ያደረ፤
ታክሲ ውስጥ አንዳንዴ ለኩራት አወጣሁት፤
ዛሬ ግን በር ሆነ፣ አባቴ ላይ ዘጋሁት።

"ስንት ወር?" አልኩት ሐኪሙን።
በሰው ቃል ስጠይቅ
ቁጥሩ እንደ ዕቃ ዋጋ ቀለለኝ።
አባቴ የካርዱን ወረቀት አራት ቦታ እያጠፈ
በመስኮቱ ጦሳን ያያል፤
"ምን አለሽ?" እንኳ አላለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ያዝ አድርጎ
"ዘሀራ" አለኝ፣ "እኔ ፊደሉንም አልለይ፤
ፊትሽ ግን ባማርኛ ነው ሲያወራ የቆየው፤
ይሰማል እኮ እስከ ሐረጎ።
አብሽሪ።
በይ አሁን፣ ባጃጁ ሳይመጣ፣
ቁጥሩን በኛው ንገሪኝ።"

ምላሴ ደረቀ።
በቧንቧ ውሃ በኩል ካፊያ ጀመረ።
ጣቶቼን አንድ ባንድ እያጠፈ
መቁጠር ያስተማረኝ እሱ ነበረ።

"ሦስት" አልኩት።