ውኃ ልክ

ፋሮ ከተማ፣ የፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣
ምስክር ቁጥር ሦስት ተብዬ ስጠብቅ፣
ሸሚዜ የወንድሜ ነው፤ እጄ ግን የኔው፣
ሃያ ሁለት በጋ ክሎሪን ያኘከው።
አዴሊኖ እባላለሁ። የገንዳው ሰው ነኝ።
ቅጠል እለቅማለሁ፣ ማጣሪያ አጥባለሁ፣
ጎህ ሲቀድ ደግሞ ውኃ እለካለሁ።

ከገንዳው ጠርዝ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
አንድ ቁጥር ነበር፤ ያን በጋ ግን የለም።
«አንድ ሜትር ከሃያ» ይል ነበር በፊት፤
መጀመሪያ አንዱ ጠፋ፣
ከዚያ ሃያው ሄደ በእርጥብ እግር ብዛት፣
በፀሐይ፣ በመጥረጊያ፣ በነጋ በጠባ።

ጽፌ አመለከትኩ። ቀለሙ አራት ዩሮ።
ወይዘሮ ኦዴቴ መነጽሯን አውልቃ
«ወቅቱ ይለፍ» አለች።
ወቅቱ አለፈ። የሚቀጥለውም አለፈ።

ዱዋርቴ ከብራጋ ነው፤ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለዘመድ ሠርግ የመጣ።
ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። አልጠጣም።
(ይህን ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። አልጠጣም።)
ሮጠ፣ እጁን አስቀደመ፣ ዘለለ።
የሰማሁት ድምፅ የውኃ አልመሰለም፤
ሰድር ላይ ቁልፍ ሲወድቅ፣ እንደዚያ ያለ ትንሽ ነገር።

ከነጫማዬ ገባሁ። ውኃው ደረቴ ላይ ቆመ።
ሜትር አላስፈለገም፤ ልኩ ደረቴ ነበር።
«እግሬ የት ነው?» አለኝ።
በእጄ ይዤለት ነበር።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ ጥያቄው አጭር ነው፦
«ማን አጠፋ?»
«ፀሐይ» አልኩ። «ክሎሪን። የሰው ተረከዝ።»
ከኋላ ሰው ሳቀ።
«ቁጥሩን አላልኩህም፤ ጥፋቱን ነው።»
ጌታዬ፣ እኔ ሁለት አድርጌ አላውቀው፤
የጠፋው ቁጥር ነው ጥፋቱ ራሱ፣
ያ ባይጠፋ ኖሮ ምን አጠፋ እሱ?

ዳኛዋ አነበቡ፦ ሆቴሉ ከመቶ ሰባ፤
ሳያይ ስለ ዘለለ፣ ልጁ ሠላሳ።
ይግባኝ ተባለ፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ተነሣ።

እኔ ሒሳብ አልተማርኩም። አንገት እንዴት ይካፈላል?
እናቱ ግራሲንዳ፣ የሰዓቱን ደወል ሞልታ፣
በየሦስት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች ማታ ለማታ፤
ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞር ወገቡን
በየትኛው ጎን ታገኘው ሠላሳውን?
ከደረቱ በታች ላብ የሚባል የለም፤
ነሐሴ ሲያቃጥል ቆዳው አይሰማም፣
ጠርሙስ ይዛ ትረጨዋለች። ውኃ፤ ያንኑ ውኃ።
የአንሶላ ሽብሽብ ቁስል ይሆንና
አራት ወር ያስተኛዋል።
የሽንት ቱቦው ከታጠፈ ደሙ ወደ ራሱ ይወጣል፣
ግንባሩ ሊፈነዳ ይደርሳል፤
ስልኩን የሚነካው በጣቱ አንጓ ነው።
«ቋሚ ጉዳት» ይላል የሐኪም ወረቀቱ፤
ከዱዋርቴ ቆሞ የቀረው ጉዳቱ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ውኃ ልኩን ሲያስቀምጥ
አረፋዋ መሃል እስክትቆም ትንፋሹን ይውጥ።
ችሎቱን ሳየው ያቺ አረፋ ታወሰችኝ፤
ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፣
መሃል ላይ ግን አልታየችኝ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ አገኘሁት።
አንገት የተሠራው ዞሮ ለማየት ነው ይባል የለ?
በብሎን የታሰረ አንገቱን በጭንቅ አዙሮ አየኝ።
እኔ፣ ደህና አንገት ያለኝ፣
አንገቴን ደፋሁ።

ዛሬ ቁጥሩ አለ፤ ቀይ፣ ክንድ የሚያህል፣
መዝለል ክልክል ነውም በሦስት ቋንቋ።
የቀባሁት እኔው ነኝ። ግን አላምነውም፤
እንግዳ ሳይነቃ፣ ከነልብሴ፣
ደረቴ ላይ እስኪቆም እገባለሁ።

ብዙ ነገር ጠየቁኝ፦ ሰዓቱን፣ የፀሐዩን አቅጣጫ፣ የቆምኩበትን።
አራት ዩሮ ያኔም በኪሴ ነበረኝ፤
ይህን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝ።