ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ሌባው የወሰደው ያን ያህል አይደለም፤
ከቼዙ ሣጥን ውስጥ አንድ ፈረስ የለም፤
የፒንግፖንጉ መረብ፣ ያረጀ ማጉያ፣
ለቴአትር የሰፋነው የንጉሥ መጎናጸፊያ።
ይኸው ነው። ግን ሦስት ክበብ ባንድ ጣሪያ፣
ከታቦር ግርጌ ላይ፣ ከዛገ መዝጊያ፣
ሦስት ቁልፍ በሦስት ኪስ ተከፋፍሎ ኖሮ፣
“ማነው ያልቆለፈው?” ይላል ሁሉ ተማሮ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ።
ቼዞች በቀኝ በኩል፣ ቴኒሶች በግራ፤
ቴአትሮች ዘግይተው፣ እንደ ልማዳቸው፣
ከመድረኩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እግራቸው።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ እርሳሴን ቀርጬ
እጽፋለሁ ሁሉን፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ።

የተዋጣው ብር አለ፣ በብስኩት ቆርቆሮ፤
አምስት መቶ ከቼዝ፣ ከቴአትር ሳንቲም ተቆጥሮ፤
ቀሪው ከቴኒስ ነው፤ ላሚሶ ሰበሰበ፣
የራሱንም ድርሻ ቀድሞ መዘገበ።

እልፍነሽና እኔ ፒያሳ ደርሰናል፣
ዋጋ ጠይቀናል፣ ሦስት ዓይነት አይተናል።
ሻጩ ጎረምሳ ነው፣ አፉ የተሳለ፤
እንደ ሙሽራ ጥሎሽ ደርድሮ እንዲህ አለ፦

“ይኼ ባለ ካሜራ፣ በስልክ የሚታይ፣
በድቅድቅ ጨለማ ጉንዳን ሲሄድ የሚያይ።
ይኼኛው ባለ ሲም፤ ሙቀት ይለያል፤
ሰው ክፍል ውስጥ ካለ፣ ቢተኛም ያውቀዋል፤
ለአምስት ሰው ባንዴ ሌሊት ይደውላል።”
“ያኛውስ?” “እሱማ ተራ ነው፣ ማግኔት፤
በር ሲከፈት ይጮሃል፣ ሌላ የለው እውቀት።
ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ከካቻቢቴ ጋር፤
የሚገዛው ኪዮስክ ነው፣ ለክበብ አያምር!”

ስንመለስ ክርክር። ቼዞች አስልተው
“ባለ ሲሙ” አሉ፣ ሰባት ርምጃ አርቀው።
“መብራት ሲጠፋሳ?” “ባትሪ አለው።” “ካርድስ?
ማን በየወሩ ይሙላ፣ በማን ወጪ፣ በማን ኪስ?”
“ጦጣስ?” አለ አንዱ፤ ሳቅን። ግን አምና
ከአሞራ ገደል መጥቶ፣ በጣሪያ ገባና፣
ነጯን ንግሥት ነክሶ ሄዷል በጎዳና።
ላሚሶ ብቻ ነው ቃል ያልተነፈሰ፣
የፒንግፖንጓን ኳስ እየዳበሰ።

አሁን ከመዝገቡ የቀረውን ልንገር።
ከፋሲካ ወዲህ፣ የቤት ኪራይ ሲንር፣
እኛ ሳንደርስበት ወለሉ ይጠረጋል።
ከመጋረጃው ጀርባ ፍራሽ ተጠቅልሏል።
ባሥራ ስድስት ዓመት ባገኘናት ዋንጫ
የጥርስ ብሩሽ ቆሟል። ማን ጠየቀ መግለጫ?
የጓሮው መስኮትም ማጠፊያው ቅባት ጠጥቷል፣
ሲከፈት አይሰማም። ሁላችን አይተናል፤
ማንም አላነሣም።
ሌባው የገባውም፣ ቀኑን ስቆጥረው፣
ላሚሶ ለለቅሶ
አለታ ወንዶ የሄደ ዕለት ነው።

“ተራው ይበቃናል” አለች ዘርፌ ተነሥታ፣
“በሩ ከጮኸልን ምን ቀረን? ደግሞስ ማታ
ጦጣ በገባ ቁጥር ለአምስት ሰው ስልክ ሲጠራ?”
ከዚያ አቶ ደምሰው፣ የቼዞቹ አውራ፣
በሠላሳ ዓመቱ አንድ ጨዋታ እንኳ
ሳይሟገት ያልለቀቀ፣ መነጽሩን ነካካ፤
“እኔም ተራው” አለ። “ዋናው ጦጣው ነው ለካ።”

ጻፍኩ፦ “ተራው ተመርጧል። ምክንያት፦ ዋጋ፣ ጦጣ።
አሥራ ዘጠኝ ድጋፍ፤ ተቃውሞ ታጣ።”

እሑድ ተገጠመ። ብሎኑን ያጠበቀው
ላሚሶ ራሱ ነው።
ሞከርነው። ሲያንባርቅ ባጃጆች ቆሙ፣
ከጣሪያው አባ ኮዳዎች ወደ ሐይቁ ተመሙ።

ሲመሽ ተለያየን። አቶ ደምሰው ግን
“መዝጊያውን ልይ” ብሎ ዞረ ጓሮውን።
ብከተለው አንድ ብሎኬት ተሸክሞ
ከመስኮቱ ሥር ጣለ፤ ረገጠው ደግሞ፣
ይነቃነቅ እንደሁ።
እጁን አራገፈ። አየኝ።
“ይህም ይጻፍ?” አልኩት።
“የቱ?” አለኝ።