ስንጥር

ፍኖተ ሰላም፣ ቅዳሜ። የይታይሽ እናት
ቅቤ ስትሸምት አታምንም ፊቱን፤
ስንጥር ትሰዳለች እስከ ቅሉ ሆድ፣
ሙዝም ይሁን ድንች ታወጣለች ጉዱን።

ልጅቱም በጤና ጣቢያው ጓዳ ገብታ
የወባ ኪኒን ላይ አቀርቅራለች፤
ስንጥሯ ቀይ ብርሃን፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ሳትሰብር፣ ሳታሟሟ፣ ውስጡን ትጠራለች።

ሌዘሩ ሲነካው ያለው ሁሉ «አቤት» ይላል፤
ኖራው በኖራ ድምፅ፣ በቆሎው በራሱ፤
መድኃኒቱ ብቻ ከሩቅ፣ ሹክ ብሎ፣
እንደ በሽተኛ ሰው አጥሮት እስትንፋሱ።

ካርቶኑ «መቶ» ይላል። መስመሩ፦ አሥራ ሁለት።

ትናንት «አቋርጠህ ነው» ብላ የተቆጣችው
ሽታሁን በር ላይ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።
ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፈች። ተነሳች።
ይቅርታስ በስንት ሚሊግራም ይለካል?