የነፋስ ልክ

ሠላሳ ሦስት ሜትር፣ ከባቱሚ በላይ፣
የመስታወት ጎጆ፣ በምድርና ሰማይ
መሃል ተንጠልጥዬ ስኖር ሃያ ዓመት፣
ሥራዬ አንድ ነው፦ ማንሣትና ማኖር፣ ያለ ምንም ስሕተት።
ክብደት አውቃለሁ እኔ፤ ሣጥኑ ሳይከፈት፣
ገመዱ ሲወጠር፣ በክንዴ በአጥንቴ ይገባኛል ክብደት።
ሁለት ደብዳቤ ግን፣ ከላባ ቀለው፣
ወጥ ቤታችን ገብተው፣
ጠረጴዛ ላይ ሆነው፣ አልነሣ አሉኝ ከብደው።

ልጄ ታምታ ጻፈች፣ በማቀዝቀዣው በር፣
በቀይና በሰማያዊ፣ ከላይ እስከ ታች ድርድር።

በቀይ ታልኮት አለ፦ ሜይን፣ የባሕር ጠረፍ፣
ጭጋግ ያደረበት ዓለት፣ ጀልባ የሚሰለፍ፣
ከሙሉ ወጪው ላይ በየዓመቱ የሚተርፍ
ሦስት ሺ ስድስት መቶ ዶላር፣ በእኛ ጫንቃ የሚያርፍ።

በሰማያዊ ኤልምሪጅ፦ አዮዋ፣ የበቆሎ አገር፣
ሙሉውን ከፍለዋል፣ ከአውሮፕላን ትኬት በቀር፤
ውሃ የለ፣ ተራራ የለ፣ ዐይን የሚይዘው ነገር፤
አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ባቡር የረሳው ሐዲድ፣
በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አሥራ ሁለት ልጅ፣ እና ብዙ በረድ።

«ምን ልትሆን ነው?» ይላሉ ጎረቤቶች። ሚስቴ ናዚብሮላ
ለአራተኛው ፎቅ ሰው «ሐኪም» ትላለች፣ ለሁለተኛው «ዳኛ»፤
እኔም ጠየቅኋት፣ አንድ ምሽት፣ ሌላው ሁሉ ሲተኛ።
«ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንደምሆን አይጠይቁኝም፣ አባዬ፣
ኮከብም፣ ግጥምም፣ የጉንዳን ኑሮም እማራለሁ፣ ቀላቅዬ።»
ጭነት ያለ መድረሻ? መርከብ ያለ ወደብ?
እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሌሊቱን ሳስብ ሳስብ።

የእኔ ልብ ታልኮት ነበር። ባሕር አጠገብ ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ፣
የቻክቪን መንደሪን፣ የአባቴን ዛፎች፣ ከሙርማን ቀብድ ተቀብዬ፣
የሦስት ዓመት ፍሬ ገና በአበባው ሸጬ ነበር፤
ለእሷም፣ ለእናቷም ሳልነግር።

ታልኮት ደወለች፤ አንድ የሊማ ልጅ አነሣው ስልኩን፤
«ሁሉም ግሩም» አላት፤ ምግቡን፣ መኝታውን፣ ሰዉን።
ኤልምሪጅ ደወለች፤ አንዲት የፖክራ ልጅ፣ ፕራቲክሻ የምትባል፣
አርባ ደቂቃ አማረረች፦ «ነፋሱ ይጮኻል፣
የካቲት አያልቅም፣ ሾርባው ውሃ ነው፣ አልቅሻለሁ መታጠቢያ ቤት፤
ግን ለአንድ ጥያቄዬ መምህሬ ቤተ ሙከራውን ከፈተችልኝ በእኩለ ሌሊት፣
በፒጃማዋ መጥታ። መልሱን እሷም አታውቀው ኖሮ፣
አብረን ስንፈልግ ነጋብን፤ በግቢው ቢኖር በጮኸ ነበር ዶሮ።»

ታምታ ስልኩን ዘግታ፣ እስክሪብቶ አነሣች፤
«ያኛው ሸጠልኝ፤ ይቺ ግን ነገረችኝ» አለች።

በመጨረሻው ቀን፣ ከጥቁር ባሕር ተነሥቶ፣
ክሬኔን አስቆመው ነፋስ፣ በሰከንድ ሃያ ሜትር ገብቶ።
ሕግ ነው፦ በዚያ ልክ ማንም አያነሣም፣ አያወርድም፤
እኔም ከላይ ቀረሁ፤ መሥራትም መውረድም አልተቻለም።
ስልኬ ጮኸ። «ማማ!»
(በእኛ ቋንቋ አባት ማለት ነው ማማ፤
እውነቷን ነው፤ ሌላ ምን ነኝ? ከፍ ብዬ ስጠብቅ፣ ስሰማ።)
«ላክሁት» አለች። ዝም አልሁ። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ያፏጫል።
«የቱን?» አላልሁም። ገመዱ ሲወጠር፣ ክብደቱ ይታወቃል።
ወደ በቆሎ አገር ነው ጉዞዋ፤ በቆሎ ደግሞ ማማ ይወዳል።

በማግስቱ ለሙርማን ቀብዱን መለስሁለት፤
ሁለቴ ቆጠረው፤ «ምነው?» አለ፤ «አበባው ረገፈ» አልሁት።
ዋሸሁ። አበባው ነበረ፣ ነጭ፣ ጢም ብሎ፣ ንብ ሞልቶበት።

የታልኮት ባሕር ይቆጨኛል፣ አልዋሽም፤
ጭጋጉን በፎቶ አይቻለሁ፤ ያን የመሰለ ግራጫ በእኛ ውሃ የለም።

ከነሐሴ ወዲህ፣ ጠዋት፣ መሰላሉን ሳልነካው፣
ሁለት ነፋስ አለ ስልኬ ላይ የምለካው፦
የባቱሚ አንዱ፣ ለሥራ፣
የኤልምሪጅ አንዱ፣ ላላየሁት ጎተራ።
ትናንት እዚያ አሥራ ዘጠኝ ነበር። በእኔ ሕግ፣ ከሃያ በታች ነው፤
ማንሣት ትችላለች፣ አልሁ። መሰላሉን ያዝሁ፤ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።